ከፊት ያለውን እግር

አባቴ ባረፈ በዓመቱ ሌሊት ሌሊት እየባነንኩ መንቃት ጀመርኩ። ልቤ ድው ድው ይላል፣ መዳፌን ያልበኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። የልብ ምርመራ አደረግሁ፤ ጤነኛ ነው ተባለ። ከብዙ መንከራተት በኋላ የአእምሮ ሐኪም ፊት ስቀመጥ «የጭንቀት ሕመም ነው፤ ይታከማል» አሉኝ። መድኃኒት ጻፉልኝ፣ ሰውነቴንም አዘውትሬ እንዳንቀሳቅስ መከሩኝ። መድኃኒቱን ቦርሳዬ ሥር ሸሽጌ ነበር የምወስደው። «ለየላት» መባልን ፈርቼ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። እሷ ግን የልጇ ፊት መገርጣት አልተሰወራትምና «ጸበል እንሂድ» አለችኝ።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በማለዳ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፦ ነጠላ ያጣፉ ጸበልተኞች ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው በአንድ በኩል ሲያልፉ፣ ቱታ የለበሱ ሯጮች በሌላው በኩል ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባሉ። እኔ በዚያ ሰሞን ከሁለቱም ወገን ሆንኩ። ጸበሉ ከመድኃኒቱ አልተጣላብኝም፤ ሐኪሜም መድኃኒቱን እስካላቋረጥኩ ድረስ አልከለከሉኝም።

ሩጫውን ግን ፈርቼው ነበር። እኔና እኩዮቼ ሩጫን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። መስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው ሰፈሩ በጩኸት ተናውጧል። 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው፤ ዛሬም ድረስ የሚወራው ግን ደወሉ ከተደወለ በኋላ ስላለው አንድ ዙር ነው። ራስን መግዛትም ለእኛ ያ የመጨረሻ ዙር ሆኖ ቀረ፦ ጥርስን ነክሶ፣ ያለ የሌለ ጉልበትን አሟጦ መሮጥ። ልጆቻችንንም የምናሳድገው በዚሁ ነው። እንቅልፍ አጥቶ ያጠናን እናሞግሳለን፣ ታሞ ሥራ የገባን «ጀግና» እንላለን። እኔ ደግሞ ጥርስ መንከሱ ሰልችቶኝ ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ክለብ ውስጥ ይሮጣል። አንድ ቀን «እትዬ፣ ነገ ኢዚ ነው፤ ይምጡ» አለኝ። ኢዚ የሚሉት ቀስ ብለው የሚሮጡበትን ቀን ነው። ስፒድ የሚሉት የፍጥነት ልምምድ አለ፣ ኮሮኮንች ላይ የሚሮጥ ረጅም ሩጫ አለ፤ በእነዚያ መካከል ያሉት ቀናት ግን የኢዚ ናቸው። አገር የሚያስጠሩ ልጆች እንዲህ ቀስ ብለው እንደሚሮጡ ያየሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ ላይ እርምጃቸው ከእኔ የገበያ አካሄድ ብዙም አይፈጥንም ነበር። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ ነው፣ ጉልበቱን ያለ ዕቅድ የበተነ ሰው ዳገቱ ላይ ይቀራል።

የጎረቤታችን ልጅ እኔን ከጀማሪዎቹ ጋር ኋላ አሰለፈኝ። መሮጥ ሲያቅተኝ በእርምጃ፣ ስችል ደግሞ ሶምሶማ። ሕጉ አንድ ነው፦ ተሰልፎ ከፊት ያለውን እግር መከተል። መሪው በዛፎቹ መካከል ወዲህና ወዲያ እየታጠፈ ይሄዳል፤ ሥር ወይም ድንጋይ ሲያጋጥመው በእጁ ወደ መሬት ይጠቁማል፣ ቀጥሎ ያለውም ለኋለኛው ይጠቁማል። ከፊቴ የነበረችው ልጅ የቀኝ ጫማዋ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቶ ነበር። ባረፈ ቁጥር ከቅጠሉ ሥር ቀይ አፈር ይወጣል። ያንን ተረከዝ ነበር የማየው። ሌሊት ሲያባንነኝ የሚያድረው ነገር ሁሉ፣ የአባቴ የመጨረሻ ሳምንት፣ የወንድሜ ሥራ ማጣት፣ እዚያም ይመጣብኛል። ይመጣና የዛፍ ሥር መዝለል ስላለብኝ መሀሉ ላይ ይቋረጣል። ሌሊት አልጋ ላይ የሚያቋርጠው የለም።

አንድ ማለዳ ቁልቁለት ላይ አንዱ ወጣት ኃይል ተሰምቶት መሪውን ቀደመ። መሪው ሰልፉን አቆመና ጠራው። «አንተ! የነገን ጉልበት ዛሬ አትብላ» አለው፤ ልጁም ቃል ሳይመልስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከሩጫ ሁሉ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። እነዚህ ልጆች ራሳቸውን የሚገዙት በመሮጥ ብቻ ሳይሆን ባለመሮጥም ነው። ከልምምድ በኋላ ቀን ላይ ይተኛሉ፤ እንቅልፉም እንደ ሩጫው የሥራቸው አካል ነው። እኛ ቤት ቀን የተኛ ሰው ሰነፍ ነበር።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ሐምሌን መሥሪያ ቤት ማምሸት ደንብ ነው። አሁን ግን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መዝገቡን ዘግቼ እነሣለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ ፊታቸውን አጠቆሩብኝ፤ የማቀርበው ሒሳብ ስሕተቱ ሲቀንስ ግን ነገሩን ተዉት። ይህ ለእኔ ከዳገት መውጣት ይከብድ ነበር፤ ምክንያቱም ነገሩ ሥራ ጥሎ መሄድ ሳይሆን ሥራውን ለነገ አምኖ መተው ነው።

«ሩጪ፣ ይለቅሻል» የሚል ሰው ያናድደኛል። ሩጫ ብቻውን አላዳነኝም። መድኃኒቱን ሐኪሜ ቀስ በቀስ ነው የቀነሱልኝ፤ ዛሬም ክፉ ሌሊት አለኝ። ደግሞም ሁሉም ሰው ይሩጥ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ የእግር መንገድም ይቆጠራል። ከዚያ የሚከለክለን ብዙውን ጊዜ ስንፍና አይደለም፤ የመጨረሻውን ዙር እያሰብን መጀመሪያውን መፍራታችን ነው።

በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መተላለፊያ ላይ ወደ ጎን ወስዳኝ «አንቺ፣ እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስድሽ?» አለችኝ። ዓይኗን አይቼ አወቅሁ። መጀመሪያ የሐኪሜን ስልክ ሰጠኋት። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ጃንሜዳ ተገናኘን። በምን ፍጥነት እንደምንሄድ ስትጠይቀኝ፣ ወሬ ሳይቋረጥ በሚያስኬደን ፍጥነት አልኳት። ሜዳውን እየዞርን ስለ ባሏ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ቤት ኪራዩ አወራችኝ። የሐኪሙን ቀጠሮ ለማክሰኞ ይዛለች፤ አብሬያት እሄዳለሁ።