ንድፉን ማን ይመርምር?

መምህር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጠመኔን፣ ጥቁር ሰሌዳንና የትምህርት ዕቅድን ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተቋም ተመርቀን ከምንመደብባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ፣ ሕዝቡ በመዋጮና በጉልበቱ ያቆማቸው ናቸው። ኮሚቴው አዲስ ክፍል ሊያሠራ ሲነሣ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ወደ መምህሩ ነው። «እስቲ እናንተ የተማራችሁት እዩት» ይላል። ታዲያ ምን ብለን ነው የምናየው? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴው ሁለት መማሪያ ክፍሎች ለመሥራት አስቦ ነበር። ንድፉ በሂሳብ ደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ፣ ቆርቆሮው፣ ምስማሩ ሁሉ ተቆጥሮ በጎኑ ተጽፏል። መዋጮውም ልክክ ብሎ ለሁለት ክፍል ይበቃል። ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ለእኛ ለሠልጣኞች ሰጡን። አንዱ ጓደኛዬ «እኛ መሐንዲስ አይደለን፣ ምን አገባን?» አለ። እውነት ነው፣ መሐንዲስ አይደለንም። በዚያ ጣሪያ ሥር ከልጆቹ ጋር የምንውለው ግን እኛ ነን።

ስለዚህ ወረቀቱን ይዤ በአካባቢው ብዙ ቤት ወደ ሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ማንበብ ባይችሉም ንድፉን ሳስረዳቸው ወዲያው ገባቸው። ቋሚውን ስቆጥርላቸው ግን አቋረጡኝና «ልጄ፣ ስንት ቋሚ እንዳለው አትንገሪኝ፤ ምን ይዞት እንደሚቆም ንገሪኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያልነው ሁሉ ለዚህ ቃል ማብራሪያ ነው። እሳቸው ያሉትን እኔ በሁለተኛ ደረጃ ከተማርኩት ፊዚክስና ሂሳብ ጋር እያያያዝኩ እነሆ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ሸክሙ በየት በኩል ወደ መሬት ይወርዳል? ጣትን በወረቀቱ ላይ አድርጎ ከቆርቆሮው ወደ ወራጁ፣ ከወራጁ በግድግዳው ራስ ላይ ወዳለው አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ወደ ቋሚው፣ ከቋሚው ወደ መሠረቱ ማስኬድ ነው። ጣት የሚያርፍበት ያጣ ቦታ ካለ ንድፉ እዚያ ላይ ደካማ ነው። በእኛ ወረቀት ላይ ሁለት ወራጆች የሚያርፉት ከመስኮት በላይ ነበር። ለመስኮቱ ሲባል ቋሚው ተቆርጧል፤ ሸክሙን ወደ ግራና ቀኝ የሚያሻግር ጠንካራ አግዳሚ ግን አልተሣለም። አግዳሚው የተጠረበ እንጨት ከሆነ ደግሞ አቀማመጡ ወሳኝ ነው። ወርዱ 5 ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በጠባቡ ጎኑ ሲቆም፣ ተጋድሞ ከሚቀመጠው በጥንካሬ ሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ ላለመጉበጥ ደግሞ አራት እጥፍ። ይህን የሚጠራጠር የእንጨት ማስመሪያ ይያዝና በጠፍጣፋውም በስለቱም በኩል ለማጉበጥ ይሞክር።

ሁለተኛ፣ ወደ ጎን ሲገፋ ምን ይይዘዋል? አራት እንጨቶችን በአራት ምስማር ብቻ አያይዘን አራት ማዕዘን ብንሠራና በጣት ብንገፋው ይንጋደዳል። አንድ እንጨት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ብንመታበት ግን ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆንና ይደርቃል። ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ ካልተሰበሩ ወይም መጋጠሚያው ካልተላቀቀ ቅርጹን አይለውጥም። የጭቃ ቤት ግን ሁሉ ነገሩ ቋሚና አግዳሚ ነው፤ ማገሩም አግዳሚ ነው። እስካልተሰነጠቀና እስካልራሰ ድረስ ጭቃው ራሱ ይይዘዋል፤ ሲሰነጠቅ ግን እንጨቱ ብቻውን ይቀራል። ሸክሙም ቀላል አይደለም፤ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ አንድ ካሬ ሜትሩ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ማጋደል ከጀመረ ክብደቱ ራሱ ይጎትተዋል። ወደ ጎን የሚገፋው ነፋስ ብቻ እንዳልሆነም በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አሳይቶናል። በእኛ ወረቀት ላይ አንድም ሰያፍ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ጣሪያው ግድግዳውን ይገፋል ወይ? ሁለት ደብተሮችን በለስላሳ ጠረጴዛ ላይ እንደ ጎጆ አስደግፈን ብናቆማቸው ግርጌያቸው ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ወራጆችም እንዲሁ ናቸው። የግራና የቀኙን ግርጌ የሚያያይዝ አግዳሚ ከሌለ በየቀኑ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋሉ። አናጢዎች ካፕሪያታ የሚሉት ሥራ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። በአክሱም ሐውልቶች ላይ የዝንጀሮ ራስ ተብለው የሚጠሩትን ጉጦች በሥዕል ያላየ የለም። እነዚያ ግድግዳውን አቋርጠው የሚያያይዙ እንጨቶች ጫፍ ምሳሌ ናቸው፤ እውነተኛዎቹ እንጨቶች በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይታያሉ። የጥንት አባቶቻችን ማያያዣውን በድንጋይ እስከ መቅረጽ ሲያከብሩት፣ እኛ እንጨት ለመቆጠብ ብለን ከዝርዝሩ እንሰርዘዋለን።

አራተኛ፣ ጣሪያውን ወደ ታች የሚይዘው ምንድን ነው? ስለ ጣሪያ ስናስብ እንዳይወድቅ እንጂ እንዳይነሣ አንሰጋም። ቆርቆሮ በካሬ ሜትር ቢበዛ 4 ኪሎ አካባቢ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ በደጋችን ስስ አየር እንኳ ፊት ለፊት ያገኘውን ነገር በካሬ ሜትር ወደ 20 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይገፋል። ይህ ኃይል በየጣሪያው ላይ እኩል ባይሆንም፣ በክዳኑ ጠርዝና በበሩ በኩል ገብቶ ወደ ላይ ሲያነሣ የቆርቆሮው ክብደት ብቻ አይችለውም። ስለዚህ ወራጁ ከአግዳሚው፣ አግዳሚውም ከቋሚው ጋር በምስማር ብቻ ሳይሆን በሽቦ ጭምር መታሰር አለበት። በተለይ በእንጨት ጫፍ በኩል ወደ ርዝመቱ የተመታ ምስማር በቀላሉ ይነቀላል።

አምስተኛ፣ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ቋሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው አፈሩ ላይ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነው። ከላይ ቢያዩት ደረቅ፣ ከታች ቢያዩት እርሳስ እንደ ተቀረጸ ሆኖ ይገኛል። ምስጡም በዚያው በኩል ይገባል። የድሮ ሰው ጥድና ወይራ ይመርጥ የነበረው ቶሎ ስለማይበላ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቀጥ ብሎ ቶሎ ያድጋል፤ ነገር ግን በእርጥቡ ከተመታ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል። ልጡ መላጥ፣ በጥላ ሥር መድረቅ፣ ግርጌውም ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። ክዳኑም ግድግዳውን ከዝናብ እንዲከላከል ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ ለኮሚቴው አቀረብኩ። ሽማግሌውም መጡ። ሰያፉ፣ ማያያዣው፣ ሽቦውና የድንጋዩ መሠረት ሲጨመር የተሰበሰበው እንጨትና ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ክፍልና ለሁለተኛው መሠረት ብቻ ሆነ። ሊቀ መንበሩ ተቆጡ። «ግማሾቹ ልጆች ዘንድሮም በከሰዓት ፈረቃ ይቆዩ ማለትሽ ነው?» አሉኝ። አንዲት እናትም «ልጄ ከከሰዓት ትምህርት ስትመለስ ይመሽባታል፤ መንገዱ ደግሞ ጫካ ነው» አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ያሉት ልክ ነው። ሽማግሌው ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሁለት ቤት ሠርታችሁ ሁለቱንም በክረምት ከምትደግፉ፣ አንዱን ጨርሱና ሁለተኛውን ለመጪው ዓመት አድርሱት» አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ በዚሁ ተስማሙ።

መሠረቱ ሲቀየስ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ይዘን ወጣን። ጎኖቹ 8 እና 6 ሜትር ከሆኑ ማዕዘኑ ትክክል የሚሆነው ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል 10 ሜትር ሲሆን ነው። ልጆቹ በገመድ ለኩት፤ በአንዱ በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል በለጠና ችካሉ ተነቅሎ እንደገና ተተከለ። የፓይታጎረስን ደንብ ከዚያ በተሻለ ያስተማርኩበት ቀን የለም።

ሆኖም የዚያች እናት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ለውሳኔው ዋጋ የከፈልነው እኛ ሳንሆን በከሰዓት የሚማሩት ልጆች ናቸው። ይህ መሆን አልነበረበትም። ንድፉ የታየው መዋጮው ከተሰበሰበና እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ ነበር። ሰያፉና መሠረቱ ገና ከመነሻው በዝርዝሩ ውስጥ ገብተው ቢሆን፣ ሕዝቡ ልኩን አውቆ ያዋጣ ነበር። በእርሳስ የተሣለ ጉድለት በላጲስ ይጠፋል፤ ተቆርጦ የተተከለ ባሕር ዛፍ ግን በላጲስ አይስተካከልም።

የቆመ ቤት ላይም ቢሆን መምህሩ ዓይኑን መግለጥ አለበት። ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥሎ ቱንቢ ማድረግ ይቻላል። ቀድሞ በደህና ይዘጋ የነበረ በር ድንገት አልዘጋ ሲል ቤቱ ማጋደሉን እየነገረን ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ፈጥኖ በጭቃ መለሰን ምልክቱን መሸፈን ነው፤ መጀመሪያ የቋሚውን ግርጌ በስለታም ነገር ወግቶ ማየት ይገባል። ልክ እንደ ቂጣ ከገባ ልጆቹን አውጥቶ ባለሙያ መጥራት ነው። ፎቅም ይሁን ሰፊ አዳራሽ ሲሆን ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ አምስተኛው ክፍል በሙሉ ስለ እንጨት አጠቃቀም ነበር፤ ስሌቱ የመሐንዲስ ነው። የእኛ ድርሻ ጥያቄውን በጊዜው ማንሣት ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ በእጅ ሥራ ትምህርት ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢመደብ ምን ይመስላችኋል? እኔ በበኩሌ ሰያፍ ያለውንና የሌለውን ሁለት ትንንሽ የእንጨት ግድግዳ ሠርቼ በመርጃ መሣሪያ ክፍሉ መስኮት ላይ አስቀምጫለሁ። በምሳ ሰዓት ክፍት ነው። ገባ ብላችሁ በጣት ገፋ ገፋ አድርጓቸው፤ ሐሳባችሁንም ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።