በእኛ ዕድሜ ክብደት መቀነስ

እህቶቼ፣ በእኛ ዕድሜ ክብደት መጨመር ስንፍና አይደለም። የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን ይቀንሳል፣ ጡንቻ ይሳሳል፣ ስብም ወደ ሆድ ይሰበሰባል፤ ይህም ለስኳር በሽታ ያጋልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 እኛን የኢትዮጵያ አይሁዶችን ባመጡት ዘመቻዎች እስራኤል ስንገባ የስኳር በሽታ በመካከላችን ብርቅ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት አለ። ውሃ ቀድተን፣ ገበያ በእግር ሄደን የኖርነው ኑሮ ቀረ፤ የጤፉን ቦታ ነጭ የስንዴ ዱቄት ያዘ።

ግን ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን በመጠኑ ቀንሰው በሳምንት 150 ደቂቃ ሲንቀሳቀሱ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ መውረዱን አሳይቷል።

እኔ የምፈልገው ቅጥነት ሳይሆን ጤና ነው። የከተማችን የቤር ሼቫ ፀሐይ በረድ ሲል አብረን እንራመድ። እንጀራው ይነስ፣ ምስሩና ጎመኑ ይብዛ። በልጅ ልጆቻችን ሰርግ በእግራችን ቆመን እንጨፍር።