«አንቺማ የቤቱ እናት ነሽ»

ባለፈው ታኅሣሥ እህቴን ልጠይቅ አሰላ ሄጄ ነበር። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቡና ልጋብዛት ብዬ በመውጫ ሰዓቷ ሄጄ ወንበር ይዤ ጠበቅኋት።

መስኮቷ ፊት የገብሳቸውን ዋጋ ሊያወጡ የመጡ አንድ አባት ቆመዋል። ፎርም መሙላት አይችሉም። ተነስታ ወጣችና በኦሮምኛ እያዋራች ሞላችላቸው፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክታ አስፈረመቻቸው፤ ብሩን ሁለቴ ቆጥራ «በውስጥ ኪስ ያድርጉት» አለቻቸው። «ኢንተላ ኮ» እያሉ መርቀዋት ሄዱ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ሒሳቧ አልገጥም አለ። ሁለት ሺህ ብር ጎደለ። ካልተገኘ ከደመወዟ ነው የምትተካው፤ እንባዋ መጣ። እህቴ የለበሰችውን ኮት መልሳ አወለቀችና አብራት ደረሰኝ በደረሰኝ ስታመሳክር አመሸች። ለካ አንድ ወጪ ሳይመዘገብ ቀርቶ ኖሯል!

ዴኒስ ኦርጋን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። በሥራ መዘርዝር ላይ አልሰፈረም፤ በቀጥታም አያስሸልምም፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ያለ እሱ አይቆምም። በሥራው የረካ ሰው ይበልጥ ያደርገዋል ይባላል።

«ታዲያ አንቺ ረክተሻል?» አልኳት፣ ቡናው ሲቀርብ።

«ሥራዬን እወዳለሁ» አለችና ዝም አለች። ቆይታ፣ «አምና ለእድገት ተወዳድሬ ወደቅሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚወጣው ልጅ አለፈ። ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹አንቺማ የቤቱ እናት ነሽ፤ አንቺ ከመስኮቱ ከተነሳሽ ቅርንጫፉ ምን ይውጠዋል?›»

በዚህ አገር እነ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቱትና በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ እናት የሚባል ባንክ አለ። እዚያ ቃሉ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል፤ የባለቤት ስም ነው። እህቴን ግን ያው ቃል መስኮት ላይ ቸንክሮ አስቀራት። ወንድ ሲያመሽ ትጋት ተብሎ ይመዘገብለታል፤ ሴት ስታመሽ ተፈጥሮዋ ነው ይባላል። በምዘና ቅጹ ላይ አንዲት መስመር ቢጨመርላት ምን ነበረበት?

ሰው ልወቅስ ስዘጋጅ የራሴ ትዝ አለኝ። እናታችን የታመመች ጊዜ «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብዬ ሁሉን ለእሷ ትቼ አዲስ አበባ የተመለስኩ እኔው ነኝ።

አስተናጋጁ ሒሳብ ይዞ ሲመጣ እንደ ልማዷ ቦርሳዋን ከፈተች። እጇን ያዝኩት።