ቀላል ካሜራ ይዞ ወደ ላሊበላ

ወደ ደብረ ሮሃ ለመሳለም የሚሄድ ሰው ሸክሙን አስቀድሞ መመዘን ይገባዋል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን መንገድ በእግራቸው ሲጓዙ፥ የሚይዙት በአገልግል የቋጠሩትን ስንቅ፥ የሚለብሱትን ጋቢና የሚመረኰዙትን በትር ነበረ። ዛሬ ብዙው ተሳላሚ በመኪናና በአውሮፕላን ቢደርስም፥ ከደረሰ በኋላ ያለው መንገድ እንደ ጥንቱ በእግር የሚኬድ ነው። በቅዱስ ላሊበላ ስም የሚጠሩት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ተፈልፍለው፥ አብዛኞቹም ከመሬቱ ወለል ዝቅ ብለው የቆሙ ስለ ሆኑ፥ ወደ እነርሱ የሚደረሰው በጠባብ ቦይ፥ በጨለማ ዋሻና በብዙ እግር በተበላ ደረጃ ነው። በዚህ መንገድ ላይ በትከሻ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ክብደቱ ይታወቃል፤ ከዚህም አንዱ ካሜራ ነው።

ካሜራ ይዞ ወደ ቅዱሳት መካናት መሄድን እንዲያው በደፈናው ልንነቅፈው አይገባም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቆይቶ እነዚህን ሕንፃዎች ካየ በኋላ፥ በ1540 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ስለ እነርሱ ሲጽፍ፥ አንባቢው አያምነኝም የሚል ሥጋት እንዳደረበት ገልጧል። ቃል ብቻውን ለማስረዳት የሚቸገርበትን ነገር ፎቶግራፍ በቀላሉ ያስረዳል። ደግሞም በየቤታችን ጉልበታቸው ደክሞ መንገዱን የማይችሉ አረጋውያን አሉ፤ እነርሱ ልጆቻቸው ይዘውላቸው የሚመለሱትን ፎቶግራፍ በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያያሉ። እንግዲህ የሚጠየቀው ጥያቄ፥ ምን ዓይነት ካሜራ ይያዝ፥ በምንስ አኳኋን ይያዝ የሚል ነው።

እኔ ለብዙ ጊዜ የያዝሁት ሙሉ ፍሬም የሚባለውን ባለ መስተዋት ካሜራ ነበር። የዚህ ካሜራ ሴንሰር፥ ማለት ብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ፥ 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፥ ይኸውም የቀድሞው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ልክ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን አጋድሎ በቆመ መስተዋት ላይ አርፎ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በፕሪዝም ውስጥም አልፎ ወደ ተመልካቹ ዓይን ይደርሳል። ቁልፉ በተጫነ ጊዜ መስተዋቱ ይነሣል፥ መዝጊያው ይከፈታል፥ ከዚያም ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። «ቀጭ» የሚለው የታወቀ ድምፅ የሚወጣው ከዚህ እንቅስቃሴ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ካሜራ ጥራት የሚታማ አይደለም። ነገር ግን ሚዛኑን እንመልከት። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዲ 850 ከባትሪውና ከካርዱ ጋራ 1005 ግራም ይመዝናል። የእርሱ ጓደኛ የሆነው ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚደርሰው ሌንስ 1070 ግራም፥ ሩቁን የሚያቀርበው ከ70 እስከ 200 የሚደርሰው ሌንስ ደግሞ 1430 ግራም ነው። በድምሩ 3505 ግራም ይሆናል፤ ቦርሳው፥ ውኃውና ስንቁ ገና አልተቈጠሩም።

መስተዋት የሌለው፥ በተለምዶ ሚረርለስ የሚባለው ካሜራ የተስፋፋው፥ ፓናሶኒክ በ2008 እ.ኤ.አ. ሉሚክስ ጂ 1 የተባለውን ካወጣ ወዲህ ነው። በዚህ ዓይነቱ ካሜራ ብርሃኑ በቀጥታ በሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ተመልካቹም የሚያየው ሴንሰሩ የተቀበለውን ምስል በትንሽ ስክሪን ላይ ነው። መስተዋቱና ፕሪዝሙ ስለ ቀሩ ካሜራው ይሳሳል፥ ክብደቱም ይቀንሳል። እኔ የመረጥሁት በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፉጂፊልም ኤክስ ቲ 30 ነው፤ ክብደቱ ከነባትሪውና ከነካርዱ 383 ግራም ነው። ከእርሱም ጋራ 310 ግራም፥ 180 ግራምና 200 ግራም የሚመዝኑ ሦስት ትንንሽ ሌንሶች ያዝሁ። ድምሩ 1073 ግራም ነው። እንግዲህ ከትከሻዬ የወረደው ሸክም 2432 ግራም ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ካሜራ ለመለወጥ የሚያስብ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ከዚህ ሁሉ ግራም ውስጥ በካሜራው አካል የተገኘው ቅናሽ 622 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው 1810 ግራም የተገኘው በሌንሶቹ ነው። ሶኒ በ2013 እ.ኤ.አ. አልፋ 7ን ካወጣ ጀምሮ ሙሉ ፍሬም ሆነው መስተዋት የሌላቸው ካሜራዎች አሉ፤ ነገር ግን ሰፊው ሴንሰር ሰፊ ሌንስ ስለሚሻ፥ ካሜራውን ብቻ ለውጦ ታላላቁን ሌንስ የሚሸከም ሰው ትከሻው ብዙም አያርፍም። እኔም ሸክሜ የቀለለው ሩቁን የሚያቀርበውን ትልቅ ሌንስ በመተዌ ጭምር ነው። ቀሎ ለመሄድ የሚሻ ሰው የሚተወውን ነገር አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

በ2012 ዓ.ም. ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ የሄድሁት በዚህ ቀላል ካሜራ ነበር። ከከተማው በላይ በተራራው ላይ ወዳለችው ወደ አሸተን ማርያም በወጣሁ ጊዜ ጥቅሙን ተረዳሁት። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ወደ መጨረሻውም ገደሉን ሰንጥቆ በሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ይገባል። በዚያ አንዲት አረጋዊት እናት በትራቸውን ተደግፈው ትንፋሽ ሲሰበስቡ አገኘኋቸው።

«እማማ፥ እጄን ይያዙ» አልኋቸው።

«ተባረክ ልጄ፤ ማርያም ትያዝህ» ብለው ያዙኝ።

ካሜራው በጋቢዬ ውስጥ ተሸሽጎ ስለ ነበረ ሁለቱም እጆቼ ነጻ ነበሩ። በዚያ መተላለፊያ ፎቶግራፍ አላነሣሁም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ያለው ችግር ከክብደት የተለየ ነው፤ እርሱም የብርሃን ማነስ ነው። በቤተ ማርያም ግድግዳና ጣሪያ ላይ ያሉት ጥንታውያን ሥዕሎችና ቅርጾች በትንንሽ መስኮት በሚገባ ጭላንጭል ብቻ ይታያሉ። ፍላሽ ማብራት ጸሎተኛውን ስለሚያውክ፥ ለጥንታዊ ሥዕልም የማይገባ ስለ ሆነ፥ ሊታሰብም አይገባውም። የኤክስ ቲ 30 ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር በመሆኑ ስፋቱ ከሙሉ ፍሬሙ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በጨለማ ያነሣነው ምስል አሸዋ እንደ ተነዛበት መሻከሩ አይቀርም። ነገር ግን ትንንሾቹ ሌንሶች እስከ 2 የሚከፈቱ ናቸው፤ የቀድሞው ከባድ ሌንስ የሚከፈተው እስከ 2.8 ነው። በ2 የተከፈተ ሌንስ በ2.8 ከተከፈተው እጥፍ ብርሃን በሰሌዳው ላይ ስለሚያሳርፍ፥ በሴንሰሩ ጥበት የጐደለው በሌንሱ ስፋት ወደ መካካስ ይደርሳል። በቤተ ሰብ አልበም ለሚቀመጥ ፎቶግራፍ ልዩነቱ አይታወቅም፤ በግድግዳ ለሚሰቀል ትልቅ ምስል ግን የሙሉ ፍሬሙ ብልጫ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ድምፅ ነው። አዲሱ ካሜራ መዝጊያውን ሳያንቀሳቅስ በኤሌክትሮኒክ ብቻ ማንሣት ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ምንም አይሰማም። በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ሕዝበ ክርስቲያኑ ነጭ ለብሶ፥ ጧፍ አብርቶ፥ ገሚሱ ቆሞ ገሚሱም ተንበርክኮ ያድራል። የቀድሞው ካሜራዬ ድምፅ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚያሳፍር ነበር፤ ከአንድና ከሁለት ጊዜ በላይም አያስነሣም ነበር። ይህም ድምፅ ለሚነሣው ሰው እንደ ደወል ያገለግል ነበር፤ የማይወድ ሰው ፊቱን ለመመለስ ወይም «ተው» ለማለት ይችል ነበር። አሁን ደወሉ ጠፋ። ኃጢአቱን እያሰበ የሚያለቅስ ሰው፥ ስለ ታመመ ልጇ ስእለት የምትሳል እናት፥ ፊታቸው በሌላ ሰው እጅ እንደ ገባ ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ይህን እያሰብሁ በደጀ ሰላሙ ወደ ተቀመጡ አንድ አረጋዊ ካህን ቀርቤ፥ «አባ፥ ይፍቱኝ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ በጠየቅኋቸው ጊዜ ካሜራውን ተመልክተው፥ «ድምፅ አለው?» አሉኝ።

«የለውም፥ አባ።»

«እንግዲያስ ጠባቂው አንተው ነህ፤ እኛማ አንሰማህም» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ለራሴ ሥርዓት ሠራሁ። በጸሎትና በዕንባ ያለን ሰው ፊት ሳላስፈቅድ አላነሣም፤ ቅዳሴ በሚደርስበት ሰዓት ካሜራው በቦርሳ ውስጥ ይቈያል፤ ወደ መቅደሱ አቅጣጫም አይዞርም። በማግሥቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይ በዐለቱ ጠርዝ፥ ከታችም በአጸዱ ቆመው ቤዛ ኵሉን ሲቀባበሉ ያነሣሁት፥ በዓሉ የሁሉ ደስታ የሚታይበት፥ የሚፈቀድም ስለ ሆነ ነው። እዚያም ላይ ጸጥተኛው አሠራር ጕድለቱን አሳየኝ፤ ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ፥ ፈጥኖ የተወዛወዘ መቋሚያ በምስሉ ላይ ጐብጦ ይታያል። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ድምፅ ያለውን መዝጊያ መጠቀም ይሻላል፤ በከበሮውና በጸናጽሉም መካከል ማንንም አያውክም።

ለመሄድ ለሚያስቡ ደግሞ ጥቂት ምክር ልጨምር። መስተዋት አልባው ካሜራ ስክሪኑን ዘወትር ስለሚያበራ ባትሪ ይፈጃል፤ እንደ አምራቾቹ ልኬት ዲ 850 በአንድ ባትሪ 1840 ፎቶግራፍ ሲያነሣ፥ ኤክስ ቲ 30 ግን 380 ያህል ብቻ ያነሣል። ስለዚህ ሁለት ትርፍ ባትሪ ይያዝ፤ የደጋው ብርድም እንዳያደክመው በልብስ ውስጥ ይቀመጥ። በሌሊት የኋላው ስክሪንና ለፎከስ የምትበራው ትንሽ መብራት ይጥፉ፤ ድምፅ የሌለው ካሜራ በብርሃኑ ሰው ሊያውክ ይችላልና። የሰው ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ደግሞ አድራሻ ተቀብሎ ምስሉን ለባለቤቱ ይላክለት።

በፎቶግራፍ ሥራ ለሚተዳደርና ትልልቅ ምስል ለሚያትም ሰው ከባዱ ካሜራ ዛሬም ዋጋ አለው። ለተሳላሚ ግን ቀላሉ ይበቃዋል። ብቻ የሸክሙ መቅለል የኀላፊነቱ መቅለል እንዳይመስለን፤ ከትከሻችን የወረደው ክብደት በኅሊናችን ላይ ተጭኗል። ካሜራው ዝም ባለ መጠን ያዡ ይበልጥ አስተዋይ ሊሆን ያስፈልገዋል። ልዑል እግዚአብሔር ለመንገደኞቻችን ሰላሙን፥ ለዓይናችንም ትሕትናን ይስጠን።