‹‹ማኅበር አላችሁ?››

የሞቱት ሰው ስማቸው በጋዜጣ አልወጣም፤ በስፖርት ዜናም አልተነገረም። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ግን ገና ሳይነጋ ስማቸውን እየጠራ መንደሩን ከላይ እስከ ታች አዳረሰው። እኛም ያደግነው አቃቂ ነውና የነቃነው በዚያው ጥሩምባ ነው። እውነቱን እንናገር ካልን መጀመሪያ የተሰማን ኀዘን አልነበረም። እፍረት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጠኝነት ተምረን ከተመረቅን ጀምሮ ‹‹ጋሼ፣ አንድ ቀን መቅረጫ ይዘን እንመጣና ታሪክዎን ይነግሩናል›› ስንላቸው ኖረናል። (ስማቸውን ለመጻፍ ቤተሰቡን አላስፈቀድንምና ጋሼ እንዳልን እንቀጥል።) እሳቸውም ‹‹ኑ! እኔ የት እሄዳለሁ?›› ይሉን ነበር። አልሄድንም። አንዴ ሥራ በዛ፣ አንዴ ታክሲ ጠፋ፣ አንዴ ዝናብ ያዘን። ይኸው እሳቸው ቀድመውን ሄዱ።

ጋሼ በወጣትነታቸው የፋብሪካ ቡድን የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበሩ። ጉልበታቸው ከተጎዳ በኋላ ደግሞ የዚያው ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኑ። ዛሬ ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው እስር ቤቱ፣ መናኸሪያውና ጉምሩኩ ነው። ለእኛ ግን አቃቂ ቃሊቲ ማለት ፋብሪካ ነው። የጥጡ፣ የብረታ ብረቱ፣ የምግቡ። የሰው አባት መቼ ቤት እንደሚገባ በፈረቃው ይታወቃል። ከፋብሪካው አጥር አጠገብ ደግሞ ሜዳ አይጠፋም፤ ሜዳ ካለ ቡድን አለ።

ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ የድሮ የቡድን ጓደኞቻቸው አንድ ጥግ ይዘው ንፍሮ እየቆረጠሙ ያወራሉ። ተጠጋን። አንዱ ሽማግሌ ‹‹ደሞ እናንተ ሴቶች ልጆች ስለ ኳስ ምን አገባችሁ?›› አሉን። ‹‹ጋሼ ናቸው ያገቡን›› አልናቸው። ሳቁና ቦታ ለቀቁልን።

ከእነሱ እንደሰማነው የያኔው ተጫዋች ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ሠራተኛ ነው። ደሞዙን የሚቀበለው በማሽን ሠራተኛነቱ ነው፤ ለልምምድ ጥቂት ሰዓት ይፈቀድለታል፤ ሲያሸንፍ ሻይ በዳቦ ይጋበዛል። ጋሼ አንድ ቀን ጉልበታቸው ዞረ። ከሕመማቸው ሲመለሱ የቡድኑ ኃላፊ አመስግኖ ሸኛቸው፤ የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ስምንት ሰዓት ወደሚቆሙበት ማሽን መለሳቸው። ጋሼ ያኔ ተናገሩት የተባለውን ሽማግሌው በቃላቸው ይዘውታል። ‹‹ኳሱን የተጫወትኩት ለፋብሪካው ነው፤ ጉልበቴ የተሰበረው ግን ለራሴ ነው ማለት ነው?››

ወደ ማኅበሩ የገቡት በዚያች ጥያቄ ነው። ሊቀመንበር ሲሆኑ መጀመሪያ ያነሡት ነገር፣ ለፋብሪካው ሲጫወት የተጎዳ ሰው ሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠር የሚል ነበር። ‹‹ተሳካላቸው?›› ብለን ጠየቅን። ‹‹ግማሹ›› አሉን። የሕመም ፈቃዱ ከነደሞዙ ተፈቀደ፤ ቀላል ሥራ ግን ያገኘው ዘመድ ያለው ነው።

ጨዋታው ሄዶ ሄዶ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ላይ ደረሰ። በአገራችን ከማልያ ወደ ወንበር የተሻገረ ሰው ሲነሣ ሌላ ማን ይጠራል? የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተው በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብተዋል ተብሎ ተመዝግቧል። ወጣትነታቸው የጣልያን ወረራ ዘመን ነበር፤ ያኔ ኢትዮጵያዊ ከነጩ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ተከልክሎ ነበር። ቡድናቸውም ስሙ ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተብሏል። ሰውየው መድልዎን ያወቁት በመጽሐፍ አልነበረም ማለት ነው።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ጣልያን፣ እናቱ ኤርትራዊት ስለሆኑ አምበልነቱ ለሌላ ይሰጥ የሚል ግፊት እንደነበርና አቶ ይድነቃቸው እንዳልተቀበሉት ይተረካል። ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ካልተሰጠ አንጫወትም ተብሎ አህጉሩ በአንድ ላይ ከ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ሲቀርም ከአስተባባሪዎቹ መካከል ነበሩ። ሽማግሌው ይህን ጊዜ ጣልቃ ገቡ። ‹‹እሱ እኮ የሥራ ማቆም አድማ ነው! አንድ አህጉር ሙሉ አድማ መታ!›› በእርግጥም በቀጣዩ ውድድር፣ በ1970፣ አፍሪካ ቦታዋን አገኘች።

አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት እንደሆኑ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። ዕለቱ ቡሄ ነው። ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ በሚሉበት ቀን። ሽማግሌው እንደነገሩን ያን ሰሞን ጋሼ ጥቁር አስረው ነው የሰነበቱት። ‹‹ግን ይሟገቱት ነበር›› አሉን።

ሟቹን እንዴት ይሟገታሉ? ሽማግሌው አስረዱን። አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ ተጫዋች ወደ አውሮፓ እየፈለሰ ማለቁ ያንገበግባቸው ነበር። ልጆቻችንን ይዘን አንድ ቀን ከላይ እንደርሳለን ወይስ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆነን እንቀራለን የሚል ነበር ሐሳባቸው። በአፍሪካ ዋንጫም ለብዙ ዓመታት አንድ አገር ከውጭ ማሰለፍ የሚችለው ሁለት ተጫዋች ብቻ ነበር። ጋሼ ታዲያ ምን ይሉ ነበር? ‹‹ይድነቃቸው ለአፍሪካ ተናገረላት፤ አበጀ። የልጁ ጉልበት ግን የአፍሪካ አይደለም፤ የልጁ ነው። የት እንደሚሸጠው እሱን ጠይቁት።››

እዚህ ላይ እኛ ለሁለት ተከፈልን። ከመካከላችን አንዳችን አቶ ይድነቃቸው ልክ ናቸው አልን፤ ዛሬ የአፍሪካ ሊግ ባዶውን የቀረው እሳቸው በፈሩት መንገድ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ ጋሼን ያዝን። አገርን ወክሎ የሚናገር ሰውና ተጫዋችን ወክሎ የሚናገር ሰው አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም ቅን ሆነው ሊጣሉ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሁለቱም የሚያስፈልጉት። እኛ አገር የመጀመሪያው ዓይነት ሰው ትልቅ ስም አለው፤ ሁለተኛው ግን ጥሩምባ ነፊ ብቻ ነው የሚጠራው።

እንግሊዝ አገር ጂሚ ሂል የሚባል ጺማም ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የተጫዋቾች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነ። ያኔ የተጫዋች ደሞዝ ጣሪያ ነበረው፤ የመጨረሻው ጣሪያ በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር። ሂል ተጫዋቹን አሰባስቦ አድማ እንመታለን አለ፤ በጥር 1961 ጣሪያው ተነሣ። ወዲያው የራሱ የፉልሃም ባልደረባ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ መከፈል ጀመረ። ሂል በታኅሣሥ 2015 በ87 ዓመቱ ሲሞት ብዙ ሰው ያስታወሰው በቴሌቪዥን አቅራቢነቱ ነው። የዛሬው ሚሊየነር ተጫዋች ግን ባያውቀውም የእሱ ባለዕዳ ነው።

የእኛስ? በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ምክንያት አልነበራቸውም አንልም። ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በመንግሥት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው። ግን ልብ በሉ፣ እንግሊዝ ጣሪያውን ካነሣች ከ58 ዓመት በኋላ ነው እኛ የሠራነው። 50 ሺህ ብር ብዙ ነው የሚል ሰው ይኖራል። አዎ፣ ለእኛም ብዙ ነው። ነገር ግን የኳስ ዕድሜ አሥር ዓመት ቢሞላ ነው፤ ጉልበት ከዞረ ደግሞ ያም የለም። በአገራችንም በቀድሞ ተጫዋቾች የሚመራ ማኅበር አለ። ስንቶቻችን የመሪውን ስም እናውቃለን? የአርሰናልን ተቀያሪ በረኛ ግን እናውቃለን።

ጋሼን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘናቸው ዳቦ ቤት በር ላይ ነው። ‹‹ሥራ እንዴት ነው?›› አሉን። አወራናቸው። ያኔ የምንሠራበት ቤት (ስሙ ይቅር) ያለ ውል ነው ያስገባን፤ ደሞዝም ሦስተኛ ወሩ ሊሞላ ነበር። እንደ ቀልድ አድርገን ነው የነገርናቸው። አልሳቁም። ‹‹ማኅበር አላችሁ?›› አሉ።

‹‹ጋሼ ደግሞ! የጋዜጠኛ ማኅበር ምን ያደርጋል? እኛ እኮ ጀማሪ ነን›› አልን።

‹‹እኔም ስጀምር ክንፍ ነበርኩ›› አሉን። ‹‹ክንፍ ሆነህ ብቻህን ብትሮጥ መስመሩ ያልቅብሃል። መጀመሪያ ስማችሁን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሌላው በኋላ ይመጣል።››

‹‹እሺ›› አልናቸውና ዳቧችንን ይዘን ሄድን። እሺታው እንደ መቅረጫው ቀጠሮ ያለ እሺታ ነበር።

ቀብሩ ላይ የሠራተኛ ማኅበሩ የአበባ ጉንጉን ላከ፤ የኳስ ቡድኑ ከፈረሰ ቆይቷል። ሽማግሌዎቹ ድሮ በማልያቸው ላይ የነበረውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው አበባው ላይ አሰሩት፤ 11 ቁጥር። ከቀብር መልስ እጃችንን ታጥበን እንደተቀመጥን አንዳችን ከቦርሳችን ማስታወሻ ደብተር አወጣን። መጀመሪያ የሽማግሌዎቹን ስምና ስልክ ጻፍን። ከአርባው በፊት፣ ታክሲ ቢጠፋም ዝናብ ቢዘንብም፣ መቅረጫ ይዘን እንመጣለን ብለናል።

ከዚያ ገጹን ገለጥንና የራሳችንን ስም ጻፍን። አብረውን ያለ ውል የሚሠሩትን ልጆችም ጨመርን። ለጊዜው አሥራ አንድ ነን።