መስቃን፤ በሩን ዘግቶ የሚያስታምመው ቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ በመንገዱ አይሰለችም። አዋሽን በመልካ ቁንጥሬ ተሻግሮ ጥቂት እንደ ተጓዘ ጢያ ይደርሳል። በዚያ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች ይታያሉ፤ እነዚህም በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ከጢያ ቀጥሎ የሶዶዋ ቡኢ ትገኛለች። እርሷን ካለፉ በኋላ በስተ ቀኝ የጉራጌ ተራሮች፥ በስተ ግራ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀው ሜዳ አጅበው መንገደኛውን ከመስቃን ያገቡታል። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

እኔ የሄድሁት ለአረፋ በዓል ነበር። በመስቃን ሙስሊሙ ለአረፋ፥ ክርስቲያኑ ለመስቀል ከያለበት ተሰብስቦ ወደ ትውልድ ቀዬው ይገባል። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ «አገሬን ሳታይ ስለ ጉራጌ አታውራ» ይለኝ ስለ ነበረ ተከትዬው ሄድሁ። አውቶቡሱ ከመርካቶ በሚመለሱ ነጋዴዎችና ለወላጆቻቸው በሚወስዱት ስጦታ ተሞልቶ ነበር።

ከከተማው ወጥተን ወዳጄ መንደር ስንደርስ፥ እንሰቱ ቤቶቹን ከቦ፥ በርበሬውና ጫቱ ከወዲያ ተዘርግቶ አየሁ። በዓሉም እንደ ተነገረኝ ነበረ። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል፤ ክትፎው በቆጮ ይቀርባል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት ወደ ቤት ስንዞር አንድ ቤት ብቻ በሩ ተዘግቶ መዋሉን ልብ አልሁ። የማን እንደ ሆነ ብጠይቀው ወዳጄ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «የአክስቴ ነው» አለኝ። በማግስቱ ይዞኝ ሄደ።

አክስቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ቡና አፍልተው፥ ቅቤና ጨው ጨምረው ሰጡን። ልጃቸው ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሲሆን፥ ከጥግ ተቀምጦ ለብቻው ይናገራል። የታመመው ገና ተማሪ ሳለ ነው። መድኃኒት ጀምሮ ተሽሎት እንደ ነበረና ወደ ሕክምናው የሚወስደው ሰው ሲጠፋ እንዳቋረጠ ነገሩን። እናቲቱ ቆጮ ለመሸጥ ገበያ ሲሄዱ እርሱን የምትጠብቀው ታናሽ እኅቱ ናት። ስለዚህም ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣለች።

«እማማ፥ ጎረቤት አያግዝዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ ጎረቤት ምን ያድርግ? እኔው ነኝ በሩን የዘጋሁት። ሰው አይቶት እንዳይስቅበት፥ እኅቱንም እንዳያሙብኝ ብዬ ነው። ሲቆይ እኔንም የሚያየኝ ጠፋ። አሁን የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ስሞት ይህን ልጅ ማን ያየዋል?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ወደ ሥራዬ ከተመለስሁ በኋላ ግን ስለ ነገሩ የተጻፈውን ፈልጌ ማንበብ ጀመርሁ። አንባቢም እንደኔ ይደነቅ ይሆናል፤ ቡታጅራ በዓለም የሕክምና ሊቃውንት ዘንድ የታወቀች ስፍራ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1986 እ.ኤ.አ. በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሕዝቡን ጤና መከታተል ጀመረ። ከ1998 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመስቃንና ማረቆ፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ስለ አእምሮ ሕመም ተጠየቁ። ከቤት ለቤቱ ጥያቄ ሌላ አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችም እየተጠየቁ ሕሙማኑ ተፈለጉ። ስኪዞፍሬኒያ ከተባለው ከባድ ሕመም ጋር ከተገኙት መካከል ቀድሞ ለሕመሙ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር።

በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት የተመለከተው ቤተሰቡን ነው። ከተጠየቁት 178 ዘመዶች ከአራቱ ሦስቱ በቤታቸው ባለው ሕመም ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ከመቶው 37ቱ ደግሞ ሕመሙን መደበቅ ይሹ ነበር። ይህን ሳነብ የተዘጋው በር ታወሰኝ። ያ በር የአንዲት እናት ጠባይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የሕክምናው ርቀትም ሌላ ችግር ነበር። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስለ ቆየ፥ ከመስቃን ሕመምተኛ ይዞ ወደዚያ መጓዝ ለድኻ ቤተሰብ ከባድ ነበር። ኋላ በቡታጅራ በሥነ አእምሮ ነርሶች የሚሠራ ክሊኒክ ተከፍቶ ሕክምናውን ለአገሬው አቀረበ።

ሆኖም መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ቀደም ብዬ በጠቀስኋት በሶዶ፥ ሠልጥነው የተላኩ የአካባቢው ሰዎች ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየጎበኙ፥ ቤተሰቡን እያስረዱ፥ ከጎረቤትና ከእድር ጋር እያገናኙ እንዲሠሩ ተደረገ። በጥናቱ የገቡት ሕመምተኞች 166 ሲሆኑ፥ ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ፥ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በላይ ይህን እርዳታ ያገኙት፥ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ በዕለት ኑሯቸው ተሻሽለው ተገኙ። እነዚህ ጎብኚዎች ሐኪሞች አልነበሩም። ዋናው ሥራቸው የተዘጋ በር ማንኳኳት ነበር።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። በየቢሮው የምትሠሩ ወጣቶች ይህን አንቀጽ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን እርዳታው እስኪደርስ ድረስ ሸክሙን የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። እድር ለቀብር የሚሰበሰበውን ያህል በሕይወት ላለ ሕመምተኛ ቢሰበሰብ፥ በገበያ ቀን አንድ ሰው ተራ ገብቶ ቢቀመጥለት፥ አንዲት ልጅ ትምህርቷን ባላቋረጠች ነበር።

ወዳጄና የአጎቱ ልጆች ከመንደሩ ሳንወጣ በዚህ ነገር ተመካከሩ። በአገር ቤት የቀሩት ሁለቱ በገበያ ቀን ተራ ሊገቡ፥ በከተማ ያሉት የሕክምናውን መጓጓዣ ሊያዋጡ ተስማሙ። እስከ መቼ እንደሚዘልቁበት የሚታወቀው ወደ ፊት ነው። ስንሰናበት ግን እናቲቱ እስከ ደጅ ወጥተው ሸኙን፤ በሩንም ወዲያው አልዘጉትም።

እኔም ከእርሳቸው የተማርሁት አለ። ቀድሞ በክፍሌ የቀረ ተማሪ ሲኖር በስሙ አንጻር «ቀሪ» ብዬ ጽፌ አልፍ ነበር። ዛሬ ግን «ቤት ማን ታሞ ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ አልጽፍም።