እንደገና መምረጥ ስንት ነው?

እናንተዬ፣ ጌም የሥራ ፈት ነው የምትሉ ካላችሁ ዛሬ ትንሽ እንጨቃጨቃለን። ጭቅጭቃችን ስለ አንድ ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ በሚጫወታቸው ጌሞች ውስጥ ሌቨል በጨመራችሁ ቁጥር ነጥብ ይሰጣችኋል፤ ነጥቡን ሰይፍ ላይ፣ አስማት ላይ ወይም ቁስለኛ ማከም ላይ ታፈስሱታላችሁ። ሁለት ወር ተጫውታችሁ ምርጫው እንዳልሆነላችሁ ስታዩስ? ነጥባችሁን ሰብስባችሁ እንደ አዲስ ትመርጣላችሁ ወይስ የያዛችሁትን ተሸክማችሁ ትኖራላችሁ?

እኛ የኮቦ ልጆች (ኔትወርክ ሲኖር ተጫዋች፣ ሲጠፋ ተራች) ይፈቀድ ባዮች ነን። ከፋዩ ማን ይሁን የሚለው ላይ ግን ነገር አለን።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዲያብሎ 2 ምሕረት የሚባል አያውቅም ነበር። ነጥባችሁ ያለ ቦታው ከወደቀ ወደቀ ነው፤ መድኃኒቱ የለፋችሁበትን ገጸ ባሕርይ ጥሎ ከአንድ መጀመር ነበር። ቁልፉ የመጣው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2010 ነው። በ2004 የጀመረው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ደግሞ ከመነሻው ፈቀደ፤ ግን በዋጋ። የመጀመሪያው 1 ወርቅ፣ ከዚያ በየጊዜው እየጨመረ እስከ 50 ወርቅ። በዚያን ጊዜ 50 ወርቅ ማለት ስንት ማታ ተጎልቶ የሚለቀም ገንዘብ ነው!

አይፈቀድ የሚሉት ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። አብሮ የሚጫወት ቡድን በሐኪምነታችሁ ተማምኖ ወጥቷል፤ እናንተ ማታ ስታክሙ አምሽታችሁ ጠዋት ሰይፍ ይዛችሁ ብትመጡ ማን ያክመው? ወንፈል ላይ በሬ አመጣለሁ ብሎ ፍየል እየነዳ የመጣ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ይኑረው እንላለን። ያስከፈለ ነገር ሰውን ሁለቴ ያሳስባል።

የራያ ገበሬ ይህን ከማናችንም በፊት ያውቃል። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፤ ሲሰጥ አገዳው ሰው ይውጣል፣ ምርቱም የከብቱም ቀለብ ይተርፋል። ዝናቡ ከቀረ ግን ያ ሁሉ ይታረስና ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይገባል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ፈጥነው የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች ላይ ሲለፋ የኖረውም ለዚሁ ነው። «ሁለተኛውን ዘር ከየት አመጣኸው?» ብለን አባዬን ብንጠይቀው፣ «ከምትበሉት ላይ ነዋ!» አለን። ልብ በሉ፤ የተሳሳተው እሱ አይደለም፣ የቀረው ዝናቡ ነው። ከፋዩ ግን እሱ።

ጌሞቹ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አላቸው። ዋርክራፍትን የሠራው ብሊዛርድ የችሎታዎቹን ሕግ ራሱ ሲቀይር የተጫዋቹን ነጥብ በነጻ ይመልስለታል። ሐሳቡን የቀየረው ተጫዋቹ ከሆነ ተጫዋቹ ይክፈል፤ መሬቱ ከእግሩ ሥር ከተነሣ ግን ባለቤቱ ይክፈል። እኛን የማረከን ይቺ ናት።

ምክንያቱም እኛም ነጥብ ያፈሰስንበት ጊዜ አለ። 10ኛ ክፍል ጨርሰን «ተፈጥሮ ወይስ ማኅበራዊ?» ስንባል አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው በር ሰባ እጁ ለተፈጥሮ፣ ሠላሳ እጁ ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወስኖ ስለነበር ማኅበራዊን የመረጠ እንደ ሰነፍ ይታይ ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የትምህርት ክፍል ቅጽ ሞላን። ከመካከላችን ጋዜጠኝነትን አንደኛ ብላ የሞላች አለች፤ አምስተኛ ብላ ሞልታ የደረሳትም አለች። ይቺኛዋ መቀየር እንደምትፈልግ ስትናገር የቢሮው ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ «ጊዜው አልፏል» አሏት። ዋጋ እንኳ አልነገሯትም፤ ብትከፍልም አይሸጥም። (ዛሬ ከሁላችን የተሻለ ዜና የምትጽፈው እሷ ናት፤ ግን ይህ የቢሮውን ሰው ትክክል አያደርጋቸውም።)

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት ለአዲስ ገቢዎች የጋራ ትምህርት ሆነ። ይህ ምርጫን መመለስ ሳይሆን ማዘግየት ነው፤ ሌቨል አንድ ላይ ነጥብህን አትጨርስ እንደማለት። ለእኛ ባይደርስም ደስ ብሎናል።

በነጻ የተመለሰ ነገርም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሌላው አገር የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቀመጥ ኮቦ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በኋላ በጦርነቱ ምክንያት ላልተፈተኑት ሁለተኛ ዙር ተዘጋጀ። ፈተናው ተመለሰ፤ ደብተር የሚጠናባቸው ወራት ግን አልተመለሱም። ነጥብህን መልሶ ሰጥቶ የተጫወትክበትን ሰዓት ማስቀረት ነጻ ይባላል? እኛ አይባልም እንላለን፤ ባለቤቱ ከፈለ የምንለው ተማሪው ያጣውን የማጥኛ ጊዜም ሲመልስለት ነው።

ታናሻችን ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የመጀመሪያ ጥያቄዋ የትኛው ይሻላል የሚል አልነበረም። «ከመረጥኩ በኋላ መቀየር እስከ መቼ ይቻላል?» አለች። አባዬ ሳቀና «ሰኞ ሄደሽ ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ፤ ቀኑንም በወረቀት ጻፊልኝ በያቸው» አላት።